አደራ ጠባቂው አጎት
ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴና ቤተ ሰባቸው

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ባማርኛችን ከሚጠሩት የሹመት ስሞች ሁሉ የከበደ ይመስለናል። የጦር አለቃ የሚሾመው ለጦር ነው፤ ዳኛም የሚሾመው ለፍርድ ነው፤ እንደራሴ ግን ሲፈታ «እንደ እኔው» ማለት ነውና፥ የሚሾመው ባለቤቱ በሌለበት ስፍራ ባለቤቱን ራሱን ሊሆን ነው። ግምጃ ቤቱ በጁ፥ ዘቡ በቃሉ፥ ፍርዱም ባፉ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚከለክለው ሌላ ኃይል ስለሌለ፥ የሚከለክለው የገዛ ልቡ ብቻ ነው።

ይህ ሹመት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ነው። ንግሥት እሌኒ በ1500 ዓ. ም. በልጅነታቸው ለነገሡት ለዐፄ ልብነ ድንግል መንግሥቱን ጠብቀዋል። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ከ1901 ዓ. ም. ጀምሮ በ1903 ዓ. ም. እስኪሞቱ ድረስ የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ነበሩ። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች የምናቀርበው ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለዙፋኑ በደም የቀረቡትን፥ ነገር ግን እጃቸውን ያልሰነዘሩበትን የራስ ዳርጌን ታሪክ ነው። ይህንንም የምንጽፈው በጢቾ ሆነን ነው። ጢቾ ቀድሞ ከአርሲ አውራጃዎች አንዱ የሚጠራበት ከተማ ነበረ፤ የአርሲም ምድር የኚህን ሰው ስም ከማንም አገር ይልቅ በቅርብ፥ ደግሞም በመራራ ያውቀዋል።

የሸዋ ቤትና የጎንቾ ግዞት

ራስ ዳርጌ ከ1805 እስከ 1840 ዓ. ም. ሸዋን ከገዙት ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጆች አንዱ ናቸው። ከወንድሞቻቸው መካከል ኃይለ መለኮት ያባታቸውን ዙፋን ወረሱ፤ ሰይፉና ኃይለ ሚካኤልም በየጊዜው በሸዋ አገዛዝ ስማቸው ተጠርቷል። ከእኅቶቻቸው አንዲቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የልዑል ራስ መኰንን እናት ናቸው። እንግዲህ ዐፄ ምኒልክ ያንዱ ወንድማቸው ልጅ፥ ራስ መኰንን ደግሞ የእኅታቸው ልጅ ስለ ሆኑ፥ ራስ ዳርጌ በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው ለገነነ ሁለት ሰዎች አጎት ነበሩ።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ወንድም ወይም አጎት መሆን ለሰውየው ብዙ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። የሸዋ ነገሥታት ወንድሞቻቸው እንዳይሸፍቱባቸው በመፍራት በጎንቾ ያግዟቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ሀሪስ ከ1833 እስከ 1835 ዓ. ም. በሸዋ በቈየበት ጊዜ፥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚያ ታስረው የነበሩትን የገዛ ዘመዶቻቸውን ፈትተዋል። ራስ ዳርጌ የተወለዱበት ቤት እንዲህ ያለ ነበረ፤ ሥጋ ዘመድ የሚወደድበትም የሚፈራበትም ቤት ማለት ነው። በዚህ ቤት ያደገ ልዑል ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይም መሸፈት፥ ወይም ሳይታሰር መታመን።

ከወንድማቸው ልጅ ጋር በመቅደላ

በ1848 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ በመጡ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ. ም. የተወለዱ ስለ ነበሩ ያን ጊዜ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። የሸዋ መኳንንት ሕፃኑን ይዘው ጥቂት ከተከላከሉ በኋላ ድል ሆኑ፤ ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። አጎታቸው ዳርጌም አብረው ሄዱ፤ ሁለቱም በመቅደላ ተቀመጡ።

ሕፃኑ አባቱን ባጣበት ዓመት ካገሩም ከቤቱም ርቆ ሲኖር፥ ከአባቱ ወገን ያባቱን ወንድም ባጠገቡ ማግኘቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባገራችን ደንብ አጎት የሙት ልጅ አባት ነው። በ1857 ዓ. ም. ሰኔ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ ዳርጌ ግን ነፃ አልወጡም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. እስኪፈጸም ድረስ በአምባው ቈዩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዳርጌ ከእስር ወጥተው ሸዋ ሲገቡ የወንድማቸው ልጅ ነግሦ አገኙት። እሳቸው የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ በዕድሜም ይበልጣሉ፤ ብዙ ዓመት ታስረዋል፤ የሸዋም ሰው ያውቃቸዋል። «ዙፋኑ ለኔ ይገባል» ቢሉ የሚከተላቸው ሰው ባልጠፋ ነበር። ሌላው የወንድማቸው ልጅ መሸሻ ሰይፉ ከሳቸው ያነሰ ምክንያት ይዘው ሸፍተዋል። ዳርጌ ግን ለልጁ ገበሩለት። ንጉሡም በበኩላቸው ጎንቾን አላሰቡም፤ መርሐ ቤቴንና ሰላሌን የመሰለ ሰፊ አገር ሰጥተው አጎታቸውን ራስ አሰኟቸው። እንግዲህ በዚህ ቤት በሰንሰለት ፈንታ እምነት የገባው ሁለቱም ወገኖች ስለ ፈቀዱት ነው። አጎት ብቻውን ቢታመን ንጉሡ ግን ቢጠረጥር፥ ወይም ንጉሡ ቢያምን አጎት ቢከዳ፥ ነገሩ ባልጸና ነበር።

ራስ ዳርጌ በአርሲ

ከ1874 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ ንጉሥ ምኒልክ ወደ አርሲ ብዙ ጊዜ ዘመቱ። የአርሲ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት የሚተዳደር፥ ከብቱን በደጋውና በቈላው የሚያሰማራ፥ ለማንም ግብር ያልከፈለ ሕዝብ ስለ ነበረ፥ ካገሩ ፈቅዶ የሚለቀው ነገር አልነበረም። ጦሩና ጋሻው ከጠመንጃ ጋር የማይመዛዘን መሆኑን እያየ እንኳ ዓመት ካመት ተዋጋ። ይህንን ጦርነት እንዲፈጽሙ የታዘዙት ራስ ዳርጌ ነበሩ። በ1878 ዓ. ም. መጨረሻ በጳጉሜን ወር አዙሌ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ የአርሲ ሠራዊት ብዙ ሺህ ሰው አልቆበት ተሸነፈ፤ ከዚያም በኋላ አገሩ ለራስ ዳርጌ ተሰጠ።

የኚህን ሰው ታማኝነት ስናመሰግን ይህንን ብንዘለው ጽሑፋችን ግማሽ እውነት ይሆናል። የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው እየተቀበሉ የሚናገሩት አለ፤ ይኸውም ለዕርቅ ተብሎ በአኖሌ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ የወንዶች እጅ፥ የሴቶችም ጡት ተቈረጠ የሚለው ነው። የታሪክ ሰዎች በዚህ ነገር ይከራከሩበታል፤ ሕዝቡ ግን አልረሳውም፤ በ2006 ዓ. ም. በሄጦሳ ወረዳ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። የማይከራከሩበት ነገርም አለ። አገሩ ከተያዘ በኋላ መሬቱ ለወታደርና ለሹም ተከፋፍሎ፥ ያገሩ ተወላጅ በገዛ ርስቱ ላይ ገባር ሆነ። ይህ አኗኗር መልኩን እየለዋወጠ እስከ የካቲት 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቈይቷል።

አደራ የሚጠበቀው ለማን ነው? ራስ ዳርጌ የንጉሣቸውን አደራ ምንም ሳያጐድሉ ጠበቁ፤ የሚገዙት ሕዝብ ግን ደግሞ አደራ ነው። ይህ ሁለተኛው አደራ በዚያ ዘመን በመኳንንት ዘንድ አደራ ተብሎ አልተቈጠረም። በጢቾ ገበያ ገብሱን ይዞ የሚመጣው የአርሲ ገበሬ ያያቱን ነገር ሲናገር የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ታላላቅ ሰዎችን የምናነብ ሁሉ በቤታቸው ምን እንደ ነበሩ ብቻ ሳይሆን በሰው ቤት ደጃፍ ላይ ምን እንደ ነበሩም ልንጠይቅ ይገባናል።

የዐድዋ ዘመቻና የራስ ዳርጌ ልጅ

በመስከረም 1888 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ነገሩ፤ በጥቅምት መጀመሪያም ከአዲስ አበባ ተነሡ። እቴጌ ጣይቱም ዘመቱ፤ ራስ መኰንንም ቀድመው ገሠገሡ፤ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሠራዊት ወደ ትግራይ ተመመ። ንጉሠ ነገሥቱ ቢሞቱ የሚወርሳቸው የታወቀ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። አገሩም ከብትና ሰው ካለቀበት ከክፉው ቀን ገና ማገገሙ ነበር። በደቡብ በኩል አርሲን የመሰሉ አገሮች የተያዙት በቅርብ ጊዜ ስለ ነበረ፥ ሠራዊቱ ሲርቅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ሸዋንና ዋናውን ከተማ ማን ይጠብቅ? ንጉሠ ነገሥቱ አጎታቸውን ራስ ዳርጌን ተዉ።

ከዘመቻ የቀረ ሰው በዘፈንም በፉከራም አይነሣም፤ ሆኖም የቀረው ሰው ሥራ ከዘመተው ሰው ሥራ አያንስም። ንጉሡ በሩቅ አገር ጦር ሜዳ ሳሉ ከኋላቸው ዙፋኑ ቢነጠቅ ወይም አገሩ ቢታወክ፥ ሠራዊቱ ፊቱን ወደ ጠላት ወይስ ወደ ቤቱ ያዞር ነበር? ራስ ዳርጌ ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ አደረጉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመቻ ወራት ጠላት በራሳቸው ቤት ገባ። ልጃቸው ልጅ ጉግሣ ዳርጌ በ1886 ዓ. ም. ገደማ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ከቅጣው ዘአማኑኤል ጋር ለትምህርት ወደ እስዊስ አገር ተልከው በኔሻቴል ከተማ ይማሩ ነበር። ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ ሦስቱም ወጣቶች ወደ ጣልያን ወገን ተሻገሩ። ጣልያኖችም የጉግሣን ነገር እጅግ ወደዱት፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነውና በዐፄ ምኒልክ ላይ ተቀናቃኝ አድርገን ልናነሣው እንችላለን ብለው አሰቡ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህንን በልብህ መዝነው። አባት በአዲስ አበባ የወንድሙን ልጅ ዙፋን ይጠብቃል፤ የገዛ ልጁ ደግሞ በጠላት እጅ ሆኖ ለዚያው ዙፋን ይታጫል። ለከዳተኛ ልብ ከዚህ የተመቸ ጊዜ ከየት ይገኛል? ዝም ብሎ መጠበቅ እንኳ ይበቃ ነበር። ምኒልክ ቢያሸንፉ ዳርጌ ታማኙ እንደራሴ ናቸው፤ ጣልያን ቢያሸንፍ ደግሞ የንጉሡ አባት ይሆናሉ። ራስ ዳርጌ ግን በልጃቸው ምክንያት ከሥራቸው ፈቀቅ አላሉም። ንጉሠ ነገሥቱም በልጁ ምክንያት አባቱን ከስፍራቸው አላነሡም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ድል ሆነ፤ በግንቦት ወር ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከተማቸውንም ዙፋናቸውንም እንደ ተዉት አገኙት።

በእስኮትላንድ የነበረ ሌላ አጎት

ይህ ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር ሲተያይ ነው። ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን ባለው በእስኮትላንድ አገር ሮበርት ስቲዋርት የሚባል መስፍን ነበረ፤ የማዕርግ ስሙም የአልባኒ መስፍን ይባል ነበር። እርሱም የንጉሥ ልጅ፥ የንጉሥ ወንድም፥ የንጉሥም አጎት ነበረ። ወንድሙ ንጉሥ ሮበርት ሣልሳዊ ደካማ ስለ ነበረ ብዙውን ዘመን አገሩን የመራው እርሱ ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1402 ዓመተ ምሕረት የንጉሡ አልጋ ወራሽ ዳዊት በዚሁ በአጎቱ ጥበቃ ሥር ሆኖ በፎክላንድ ግንብ ሞተ፤ ሸንጎ ነገሩን መርምሮ መስፍኑን ነፃ ቢያወጣውም ሐሜቱ እስከ ዛሬ አልተወውም። በ1406 ደግሞ የንጉሡ ሁለተኛ ልጅ ጄምስ ለደኅንነቱ ወደ ፈረንሳይ በመርከብ ሲሄድ በባሕር ላይ ተይዞ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ወደቀ። አባቱም ይህንን ሰምቶ ብዙ ሳይቈይ ሞተ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ በግዞት ሳለ ንጉሥ ተባለ፤ አጎቱም የመንግሥት ጠባቂ ሆነ።

የአልባኒው መስፍን ልጅ መርዶክም በ1402 በጦርነት ተማርኮ በዚያው በእንግሊዝ አገር ታስሮ ነበር። እንግዲህ የወንድም ልጅና የገዛ ልጅ በአንድ ጠላት እጅ ነበሩ ማለት ነው። በ1416 ዓመተ ምሕረት መርዶክ ተለውጦ አገሩ ገባ፤ ንጉሡ ግን በግዞት ቀረ። መስፍኑ ከ80 ዓመት ባለፈ ዕድሜ በ1420 ሲሞት፥ ሹመቱን የወረሰው ይኸው ልጁ መርዶክ ነበረ። ንጉሥ ጄምስ የተፈታው በ1424፥ ይኸውም ከ18 ዓመት ግዞት በኋላ ነው። በዓመቱም መርዶክንና ሁለት ልጆቹን፥ የመርዶክንም ሚስት አባት ሳይቀር በስተርሊንግ አስገደላቸው። የአልባኒ ቤት በአንድ ሰሞን ወደቀ።

የአልባኒው መስፍን ሞኝ ሰው አልነበረም፤ አገሩንም ለብዙ ዘመን አስተዳድሯል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ አደራውን እየጠበቀ ለራሱ ቤት ደግሞ በጎን አተረፈ። ልጁ ከምርኮ ሲወጣና የወንድሙ ልጅ ሲቀር አገር ሁሉ አየ፤ የታሰረውም ንጉሥ አየ። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ያገራችን ሰዎች የእስኮትላንድን ታሪክ ሳያነቡ የዚህን ፍጻሜ ያውቁት ኖሯል።

የራስ ዳርጌ ቤት ከርሳቸው በኋላ

ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ. ም. ዐረፉ። ወንዶች ልጆቻቸው አስፋውና ተሰማም ቢታወቁ፥ የቤታቸውን ስም ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው የሴት ልጃቸው ዘር ነው። ወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ የላስታውን ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስን አግብተው በ1873 ዓ. ም. ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉን ወለዱ። በአባታቸው የላስታ፥ በእናታቸው የሸዋ ነገሥታት ዘር የሆኑት ራስ ካሣ፥ ያያታቸውን አገር ሰላሌን ይዘው በፍቼ ተቀመጡ።

እኒህ የልጅ ልጅ ያያታቸውን ታሪክ በሌላ መልክ ደግመውታል። ለዙፋን የሚያበቃ ዘር ነበራቸው፤ ነገር ግን በ1909 ዓ. ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡና ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ሁለቱን ደገፉ፤ ኋላም ዐፄ ኃይለ ሥላሴን እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገሉ። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ. ም. ከተያዙ በኋላ እስረኛው እንዲጠበቁ ለራስ ካሣ ተሰጥተው በፍቼ ተቀመጡ፤ በ1924 ዓ. ም. ከዚያ አመለጡ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቈዩ ተያዙ።

ለዚህ ታማኝነት ቤቱ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከራስ ካሣ ልጆች ሦስቱ፥ ወንድወሰን፥ አበራና አስፋ ወሰን፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. ተገደሉ፤ አበራና አስፋ ወሰንም የሞቱት እጃችሁን ብትሰጡ አትነኩም ተብለው ከገቡ በኋላ በዚያው በፍቼ ነው። ራስ ካሣ በ1949 ዓ. ም. ሞቱ። የቀሩት ልጃቸው ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ደርግ ካስገደላቸው ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ።

ለወላጆች የሚሆን ነገር

ታማኝ ሰው ሁልጊዜ በዕድሜና በደስታ ይከፈለዋል ብለን አንጽፍም፤ የዚህ ቤት ታሪክ እንዲህ አይልምና። የሚለው ሌላ ነው። የአልባኒው መስፍን ለልጆቹ ሥልጣንን አወረሰ፤ ልጆቹም በሥልጣኑ ጠፉ። ራስ ዳርጌ ያወረሱት ልማድን ነው፤ ይኸውም የሰውን ነገር የሰው ነው ብሎ መጠበቅ ነው። ልማዱም በወንድ ልጃቸው በልጅ ጉግሣ ሲጠፋ በሴት ልጃቸው በኩል ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ልጅን ወደ ውጭ አገር መላክ ክፉ ነው ማለትን አይደለም፤ ልጅ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ያየው ነገር ሁሉ በልቡ እንደ ገባለት ወላጅ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም ማለትን ነው። ስለዚህ አባት ምሳሌ መሆን ብቻ አይበቃውም፤ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግም ለልጁ ሊነግረው ያስፈልጋል።

የሙት ልጅ ገንዘብ በጃችሁ ያለ አጎቶች፥ የወንድም ቤት የምትጠብቁ እኅቶች፥ የሌላውን ወንበር ይዛችሁ የምትሠሩ ሹማምንት፥ እያንዳንዳችሁ በየመጠናችሁ እንደራሴዎች ናችሁ። መዝገቡን አጥርታችሁ ጻፉ፤ ባለቤቱ ሲመለስ ሳይጠይቃችሁ አስረክቡት። ካለቃችሁ የተቀበላችሁትን ስትጠብቁም፥ በእጃችሁ ሥር ያለውን ሰው ደግሞ እንደ አደራ ቊጠሩት፤ የበላይን አደራ ጠብቆ የበታችን አደራ የጣለ ሰው፥ አንዱ ቤት ሲያመሰግነው ሌላው ቤት ለልጅ ልጅ ያለቅስበታልና። ራስ ዳርጌን በፍቼና በአርሲ የሚያነሣቸው ሰው የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት እውነታቸውን ነው።